ስቱዲዮ ልገባ ነው፣ ምን ይዤ ልሂድ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቀረጻ ናቸው። ክረምቱ ሳይገባ ነጠላ ዜማ ለማውጣት የቸኮለው ሰው ብዙ ነው መሰለኝ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ስማችሁንም ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌያለሁ፤ ጅማ ውስጥ ሰው ከሰው ይተዋወቃል፣ ነገ መንገድ ላይ «አንተ ነህ አይደል የጠየቅከው» እንዳትባሉ።

«ግጥምና ዜማ አለኝ፣ ሁለቱንም የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሠርግና ምርቃት ላይ ከባንድ ጋር ዘፍኜ አውቃለሁ፣ ስቱዲዮ ግን ገብቼ አላውቅም። አሁን አዲስ አበባ አንድ አቀናባሪ ተስማምቶልኝ ልሄድ ነው። ባንዱን ይዤ ልምጣ ወይ ስለው ሳቀብኝ። እዚያ የሚሠራው በትክክል ምንድን ነው? ብቻዬን ነው የምዘፍነው?» ድምጻዊት፣ ከሄርማታ

አዎ እህቴ፣ ብቻሽን ነው። ሰውየው ግን ባይስቅ ጥሩ ነበር፤ አንቺ ያሰብሽው ድሮ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። አምሃ ሪከርድስ ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ባንዱና ድምጻዊው አንድ ክፍል ገብተው፣ በጥቂት ማይክራፎን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር የሚጫወተው። ትራምፔቱ ከተሳሳተ ዘፋኙም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። አሁን እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ትራክ ላይ ለየብቻው ይቀዳል። አንቺ የምትገቢው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጋይድ፣ ማለትም ለሌላው ሥራ መምሪያ የሚሆን ጊዜያዊ ድምፅ፣ ይቀዳል። አቀናባሪው ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብሎ «እስቲ ዝፈኚልኝ» ይልሻል። ለድምፅሽ የሚመቸውን ከፍታ እየፈለገ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ የዘፈኑን መግቢያ ዝግ ብሎ ይዘፍንና ተመቸኝ ይላል፣ ከዚያ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይታነቃል። አንቺ ከአዝማቹ ጀምሪ፣ ትልቁ ጩኸት ያለበትን ቦታ ቀድመሽ አሰሚው። ቀጥሎ ፍጥነቱ ይወሰናል። ቢፒኤም ይሉታል፣ በደቂቃ ስንት ምት ማለት ነው፤ 60 ከሆነ በሴኮንድ አንድ ምት ነው። ከዚህ በኋላ ጆሮሽ ውስጥ ክሊክ የሚባል ነገር ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል። ሠርግ ላይ ስትዘፍኚ ድራመሩ አንቺን ይከተልሻል፣ ስትዘገዪ ይዘገያል፣ ሲሞቅሽ ይሞቃል። ክሊክ ማንንም አይከተልም። ስለዚህ ከአሁኑ ሞባይልሽ ላይ ይህንኑ ጠቅታ የሚያሰማ ሜትሮኖም የሚባል መተግበሪያ ጫኚና በኢርፎን እየሰማሽ ተለማመጂ። ሌላ ምንም ሳታደርጊ ይህን ብቻ ብታደርጊ እንኳ የስቱዲዮ ሰዓትሽን በብዙ ታሳጥሪያለሽ።

ጋይዱ በኋላ የሚጠፋ ድምፅ ነው፣ አትጨነቂበት። እሱን ይዞ አቀናባሪው ድራሙን፣ ቤዙን፣ ኪቦርዱን ይሠራል፤ ድራሙ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፍ ነው። ከዚያ ጊታሪስቱ፣ ሳክስፎኒስቱ፣ ማሲንቆ ካለው ማሲንቆ ተጫዋቹ በየቀናቸው እየመጡ የየድርሻቸውን ቀድተው ይሄዳሉ። እርስ በርስ ላይተያዩም ይችላሉ። አንቺ በዚህ መሃል ጅማ ትሆኛለሽ። ታዲያ «የደረሰበትን ላክልኝ» በይው፣ ሲልክልሽም አፍረሽ ዝም እንዳትዪ። «መግቢያው ረዘመብኝ» «እዚህ ጋ ሳክሱ ግጥሜን ሸፈነብኝ» የሚባለው አሁን ነው። ድምፅሽ ከገባ በኋላ ከፍታው ይቀየር ማለት ሥራውን ከሥሩ አፍርሶ መጀመር ነው፣ ሒሳቡም እንደዚያው።

ከዚያ የአንቺ ቀን ይመጣል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቧራውን ጠጥተሽ በደረስሽበት ማታ እንዳትቀጂ፣ አንድ ቀን ቀድመሽ ግቢና እደሪ። የምትዘፍኚበት ክፍል ትንሽ ነው፤ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅና ጨርቅ የተሸፈነ፣ በሩ ከባድ፣ አንድ መስታወት ያለው። በሩ ሲዘጋ የራስሽን ምራቅ ስትውጪ ይሰማሻል። መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፣ ትለምጂዋለሽ። ፊትሽ ያለው ኮንደንሰር ማይክ የመድረኩን ማይክ አይመስልም፤ አትያዢውም፣ አፍሽንም አታስጠጊውም። አንድ ስንዝር ራቂ። መሃል ላይ ያለው ክብ ወንፊት ፖፕ ፊልተር ይባላል፤ «በ» እና «ፐ» ስትዪ ከአፍሽ የሚወጣው አየር ማይኩን በጥፊ እንዳይመታው ነው። አምባርና ጉትቻ አውልቂ። ሲንቀሳቀሱበት የሚንሿሿ ጃኬት አትልበሺ። ግጥሙን ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል አትሚው እንጂ በእጅሽ አትያዢው፣ ማስቀመጫ ስታንድ አለ። ስልክሽን ውጪ ተይው።

ሄድፎኑ ላይ ሙዚቃው ከጮኸ ድምፅሽ ከቅኝት ይወጣል፣ ይህ የተለመደ ነው። «ሙዚቃውን ቀንስልኝ፣ እኔን ጨምርልኝ» ማለት መብትሽ ነው። ብዙ ዘፋኞች አንዱን ጆሮ ከፈት አድርገው ነው የሚዘፍኑት፤ ሞክሪው፣ በተከፈተው ጆሮ በኩል ያለውን ሄድፎን ግን ጭንቅላትሽ ላይ ለጥፊው፣ አለበለዚያ ክሊኩ ሾልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሌላም ነገር አለ። ዘፍነሽ ስትጨርሺ በመስታወቱ ማዶ ሰዎቹ ሲነጋገሩና ሲስቁ ታያለሽ፣ ድምፃቸው ግን አይሰማሽም። በእኔ ላይ ነው የሚስቁት እንዳትዪ። ከመስታወቱ ወዲህ የምቀመጥ ሰው ስለሆንኩ ልንገርሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ምሳ ምን ይምጣ የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሦስት አራት ጊዜ ዝፈኚው። ከዚያ የጎደለውን መስመር በመስመር ትሞያለሽ፣ ባለሙያው ከሁሉም ምርጥ ምርጡን አንስቶ ያጋጥመዋል። ማጭበርበር አይደለም፣ በሬዲዮ የምትሰሚው ዘፈን በአብዛኛው እንዲህ የተሠራ ነው። አዝማቹን ደግመሽ ትደርቢበታለሽ፣ ተቀባዮች ይጨመራሉ።

ሚክሱ ላይ የግድ መቀመጥ የለብሽም። ሁሉም ትራክ ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ ድምፅሽ ከፊት ይወጣል፣ ማስተጋቢያ ይገባል። የአማርኛ የፍቅር ዘፈን አንድ ጣጣ አለበት፤ ለሴት የተዘፈነ ከሆነ በየመስመሩ መጨረሻ «ሽ» ነው፣ ያ «ሽ» ደግሞ ካልተገራ ጆሮ ይወጋል። እሱን የሚያለሰልስ መሣሪያ ዲኤሰር ይባላል፣ ሚክስ የሚያደርገው ሰው ሊያልፈው አይገባም። በመጨረሻ ማስተር ይደረጋል፤ ዘፈኑ ከሌሎች ዘፈኖች ጎን ሲቆም እንዳያንስና በየትኛውም ስፒከር እንዳይበላሽ ነው። «ጮክ አድርገው» እያልሽ አታስጨንቂው፣ ዩቲዩብ እንደሆነ ከልክ በላይ ጮኾ የመጣውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ከመጽደቁ በፊት በሞባይል ስፒከር፣ በመኪና፣ ከተቻለም በባጃጅ ስሚው። የባጃጅ ስፒከር ጨካኝ ነው፣ እዚያ ላይ ግጥምሽ ከተሰማ የትም ይሰማል።

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ዘፈን ካልቀዳሁ ብሎኛል። ለአንድ ዘፈን የጠየቀኝ ብር ቡና ነግዶ ለሚያድር ሰው ቀላል አይደለም። ሞባይሉስ ጥሩ አድርጎ ይቀዳ የለ? ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወድደው?» አባት፣ ከመርካቶ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቡናው ከለቀማ ጀምሮ ኤክስፖርት እስኪሆን በስንት እጅ እንደሚያልፍና እያንዳንዱ እጅ የራሱን እንደሚወስድ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዘፈንም እንደዚያው ነው። ግጥምና ዜማው የሌላ ሰው ከሆነ ይከፈላል። ለአቀናባሪው ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው። ለየመሣሪያ ተጫዋቹ በዘፈን ይከፈላል፣ ለስቱዲዮው በሰዓት ወይም በዘፈን፣ ለሚክስና ለማስተር ደግሞ ለብቻ። ክሊፑ በዚህ ውስጥ የለም። ልጅዎ የነገረዎት ዋጋ ክሊፑን ያካተተ መሆን አለመሆኑን አሁኑኑ ይጠይቁት፣ ቤተሰብ የሚጣላው እዚያ ላይ ነው።

ሞባይል ሐሳብ ለመያዝ በጣም ጥሩ ነው። እኛም ዜማ ሲመጣልን የምንቀዳው በሱ ነው። ግን ስልክ የተሠራው ለንግግር ነው፤ ድምፅ ሲጮኽ ራሱ ይቀንሳል፣ ሲለሰልስ ራሱ ይጨምራል፣ ከጀርባ ያለውን ድምፅ ጫጫታ ነው ብሎ ይቆርጣል። ለዘፈን ይህ ሁሉ ጉዳት ነው።

ብሩን ከመስጠትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ ማታ ራት ላይ ያስዘፍኑት፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ምንም። ስቱዲዮ የሌለን ዜማ አያመጣም። ሁለተኛ ሙሉውን ብር በአንድ ጊዜ አይክፈሉ። ሲጀመር ትንሽ፣ ድምፁ ሲቀዳ ትንሽ፣ የቀረውን ያለቀው ፋይል እጁ ሲገባ። በደረሰኝ ወይም በባንክ ይሁን። ይህን እንቢ የሚል ስቱዲዮ ከሆነ ሌላ ይፈልግ።

«ቦሳ ኪቶ አንድ ክፍል ተከራይተን ሆም ስቱዲዮ እየሠራን ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለበጥነው፣ ግን አሁንም ዝናቡም ባጃጁም ይገባል። ጓደኛዬ የቡና ጆንያ እንጨምርበት ይላል። ምን ይሻላል?» ሁለት ጓደኛሞች

ኧረ የእንቁላል ካርቶን! ይህን ነገር ማን እንዳስተማረን እንጃ፣ ከጅማ እስከ መቀሌ ሁሉም ሆም ስቱዲዮ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የውጭ ድምፅ አያቆምም። ውስጥ ያለውንም ቢሆን ቀጫጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ወፍራሙን አይነካውም። እሳት ቢነሳ ደግሞ ማገዶ ነው።

ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ነው የቀላቀላችሁት። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ የሚያደርገው ክብደትና ቀዳዳ ማጣት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ በር፣ ጠርዙ ላይ ጎማ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ውጭ አምፖል አብሩ፣ ብርሃን በሾለከበት ሁሉ ድምፅ ይሾልካል። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን ብቻ ከዚያ ሁሉ ካርቶን ይበልጣል። ውስጥ ያለው ድምፅ ግድግዳ ላይ እየተጋጨ እንዳይመለስ የሚያደርገው ደግሞ ለስላሳና ወፍራም ነገር ነው። ፍራሽ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን። ባዶ ጆንያ ስስ ስለሆነ አይጠቅምም። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የእንጨት ፍሬም ውስጥ ሮክዉል የሚባለውን ከድንጋይ የተሠራ እንደ ጥጥ ያለ ሙሌት ወይም አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ በጆንያው ብታለብሱት ግን ይሠራል፣ ያምራልም። ብቻ ጆንያውን በደንብ አራግፉት፣ አቧራውና አይጡ ለዘፋኝ አይሆንም። ቤዙ ክፍሉ ውስጥ እየጎረነነ አስቸግሮን ነው ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፤ የ100 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 3.4 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ በስስ ነገር አይያዝም። ጥጋጥጉን በወፍራሙ ሙሉት።

ዝናቡ ሌላ ጉዳይ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ኮንደንሰር ማይክ ጎረቤትም አይሰማም። ኮርኒሱን እናክብድ ብትሉ ደግሞ አከራያችሁ ቤቴን አፈረሱት ትላለች። ስለዚህ ፕሮግራማችሁን አስተካክሉ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው፣ ድምፅ ጠዋት ቅዱ፣ ከሰዓት ኤዲት አድርጉ። አዛን ሲል አቁሙ፣ ሲያበቃ ቀጥሉ። በሶፍትዌር እናጠፋዋለን አትበሉ፤ ዝናቡ ሲወጣ የዘፋኙን ድምፅ ግማሹን ይዞ ነው የሚወጣው።

ማይኩንም ቀይሩት። እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላችኋል፤ ቅርብ ያለውን ይይዛል፣ ሩቁን ይተዋል፣ ጀርባውን ለመስኮቱ አዙሩት። ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን፣ ዓለም የገዛውን አልበም ሲቀዳ ድምፁ የተያዘው ሹር ኤስኤም7 በሚባል ዳይናሚክ ማይክ ነው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ይተርፋችኋል፣ ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ኦዲዮ ካርድም ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ቢሆን ጥሩ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩት። ከጀርባ «እምምም» የሚል ወፍራም ጉርምርምታ ካለ እሱ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፣ ሁሉንም ዕቃ አንድ ሶኬት ላይ ሰኩትና የመሬት ገመዱን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ።

«ክራር እጫወታለሁ። አቀናባሪው ክራርህ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም ይለኛል፣ ለብቻዬ ስጫወት ግን ምንም የለበትም። ደግሞ የዘፋኙን ድምፅ በአውቶቲዩን ሲያስተካክለው የድምፁ መርገብገብ ጠፋ። ማን ነው የተሳሳተው?» ከአጋሮ

ማንም አልተሳሳተም ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ማለቴ ነው። ኪቦርዱ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ አቻው ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ቦታ ከፍሎታል። አንተ ክራርህን የምትቃኘው በጆሮህ ነው፣ ጆሮህ ደግሞ ለዚያ እኩል ክፍፍል አልማለም፤ በተለይ አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ልዩነቱ ይሰማል። ለብቻህ ስትጫወት ልክ ነህ፣ ኪቦርድ አጠገብህ ሲቆም ግን ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ ትጣላላችሁ። አንዱ መሸነፍ አለበት። ዘፈኑ በኪቦርድና በሳክስ የተሞላ ከሆነ አንተ ክሩን በቲዩነር ወደ ኪቦርዱ አምጣው። ዘፈኑ የክራር ዘፈን ከሆነ ግን ክራሩ መጀመሪያ ይቀዳና ሌላው ይከተለው፣ ኪቦርዱ ቀነስ ይበል። የጅማ ተወላጁ ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ቫይብራፎንና ፒያኖ ላይ ሲጫወት ኖሯል፤ ሁለቱም ድምፃቸው እዚያው መድረክ ላይ የማይቃኝ መሣሪያዎች ናቸው፣ ስለዚህ የማይታረቅ ነገር አይደለም። በየቀረጻው መሃል ደግሞ መልሰህ ቃኝ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ገብተህ እጅህ ሲሞቅ ክሩ ይላላል።

አውቶቲዩን ላይ ግን አቀናባሪህን እወቅሰዋለሁ። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የሠራው ሰው ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ የድምፅ ሞገድ ሲያጠና የነበረ ኢንጂነር ነው፤ መሣሪያው ጎበዝ ነው፣ ግን የድምፅ መርገብገብን ከስህተት አይለይም። ድምፁ ከኖታው ትንሽ ወጣ ሲል ጎትቶ ይመልሰዋል፣ የእኛ ዘፈን ውበቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ወጣ ገባው ነው። ሶፍትዌሩ ድምፁን የሚመልስበትን ፍጥነት በጣም ያዘግየው፣ ወይም ሁሉንም ከማስነካት የተበላሸችውን አንዲት ቃል ብቻ ለይቶ በእጁ ያስተካክል። ሥራ ይበዛበታል። ይሠራዋ!

«ከመቅዳቴ በፊት ጥሬ እንቁላል ልጠጣ ወይስ ዝንጅብል?» ከጅሬን

ውሃ ጠጣ። እንቁላሉ የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ ነው፣ የድምፅ አውታርህ ደግሞ በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው ያለው፣ አይገናኙም። ዝንጅብሉ ለብ ባለ ውሃ ቢሆን አይጎዳህም። ጫት ግን በዚያን ቀን ይቅርብህ፤ አፍ ያደርቃል፣ የደረቀ አፍ ደግሞ በየቃሉ መሃል ጧ ጧ እያለ ማይኩ ላይ ይገባል፣ እሱን አንድ በአንድ ስለቅም የማመሸው እኔ ነኝ።

«ከፍዬ ያሠራሁትን ዘፈን ሰውየው ኤምፒ3 ብቻ በቴሌግራም ላከልኝ። ሌላውን ፋይል ስጠይቀው የስቱዲዮው ንብረት ነው አለኝ። ልክ ነው?» ከመንደራ ቆጪ

ስትስማሙ ምን ተባባላችሁ? ምንም ካልተባባላችሁ ክርክሩ ረጅም ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ፣ የዘፋኙና የቀረጻው መብት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ እነዚህ መብቶች የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የግጥምና የዜማ ደራሲ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ግጥሙንና ዜማውን የደረስከው አንተ ከሆንክ «ሁሉም የስቱዲዮው ነው» የሚባል ነገር የለም። የኮምፒውተሩን ሙሉ ፕሮጀክት ግን ብዙ ባለሙያዎች አይሰጡም፣ የሥራ ሚስጥራቸው እዚያ ውስጥ ስላለ፤ እዚያ ላይ ብዙ አትጣላ።

መጠየቅ ያለብህ ይህን ነው። ያለቀውን ማስተር በዌቭ፣ ማለትም ባልተጨመቀ ፋይል፤ ኤምፒ3 ድምፁ ተጨምቆ ከውስጡ የተቀነሰ ነገር አለና፣ ዘፈንህን ወደ ውጭ አገር የሙዚቃ መተግበሪያዎች የሚያስገቡልህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ዌቩን ነው። ድምፅህ የሌለበትን ሙዚቃውን ብቻ፣ ቴሌቪዥንና ሠርግ ላይ ስትጠራ የምትዘፍነው በሱ ነው። ድምፅህን ለብቻው። ቢቻል ደግሞ ድራሙን፣ ቤዙን፣ ኪቦርዱን በቡድን በቡድን ለየብቻ። ለሚቀጥለው ዘፈን እነዚህን አራቱን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ ሥራው ሳይጀመር አስፈርመው፣ የመጨረሻውን ክፍያም ፋይሎቹ ሲመጡ ስጥ። አሁን ላለው ግን ረጋ ብለህ ሂድና፣ ሃርድ ዲስክ ይዘህ፣ ለመገልበጫ ጊዜው ትንሽ ጨምረህ ክፈለው። ብዙ ሰው የሚከለክለው መልሶ መክፈትና ማውጣት ስለሚሰለቸው ነው እንጂ በክፋት አይደለም። ስታገኘውም ሁለት ቦታ አስቀምጠው፣ አንዱ ቤትህ፣ አንዱ ዘመድ ጋ።